በቤቴ አይጠራ ያልኩት ስም

ጎበሳ፣ ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ አሳምነው፤ አሴላ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ባርኔጣህን ዝቅ አድርገህ የምታልፈኝ ሰው፣ ዛሬ "እትዬ ሸዋዬ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ?" ብለህ ስትጽፍልኝ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። ጤናዬ የሰባ አራት ዓመት ሰው ጤና ነው። ልቤ በኪኒን ይሄዳል፤ ጆሮዬ ከተደፈነ ስድስት ዓመቱ ነው። ስልክ ብትደውል የሚሰማህ አልነበረም፤ በወረቀት መምጣትህ ደግ አደረግህ። ሚኒባስ የሚነዳው ጉቱ ደብዳቤህን በእጄ ሰጠኝ። ወትሮ "አካም ጂርቱ፣ ቲቸር?" እያለ በምልክት ሳያስቀኝ አይሄድም ነበር፤ ዛሬ ግን ፊቱን አዙሮብኝ ሄደ።

የጠየቅኸኝን ተረድቻለሁ። ማሂን አሟታል፤ ጠበል ልትወስዳት ነው፤ አጥማቂው የክርስትና ስሟን ጠየቁህ፤ አንተ አታውቀውም፤ እናቷ በቀለች ነፍሷን ይማረውና የለችም። ስለዚህ የክርስትና እናቷን እኔን ጠየቅህ። ይኸው ነው አይደል?

እንግዲህ አንድ ነገር ልናገር፤ አትቆጣ። ያን ስም እንዳትሰማ ጆሮህን የያዝከው ራስህ ነህ። እዚህ ጎበሳ ክርስትና ስናስነሳት አንተ ለሥራ ጋምቤላ ነበርክ። ስትመለስ "ሸዋዬ የሞተች ልጇን ስም ለልጅህ ሰጠችብህ" ብለው ነገሩህ። አንተም ሟርት ነው ብለህ በቀለችን "ያ ስም በቤቴ አይጠራ፤ እኔም እንዳልሰማው" አልካት። የክርስትና ወረቀቷን ሳትገልጠው ምድጃ ውስጥ ከተትከው። በቀለች ይህን ስትነግረኝ ስታለቅስ ነበር። እስክትሞት ድረስ ትእዛዝህን ጠበቀች፤ እኔም ጠበቅሁ። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሄጄ ልጠይቅልህ ብል እንኳ ያጠመቋት ቄስ ሞተዋል፤ የዚያን ጊዜ መዝገብም ጣራው አፍስሶበት አንድ ላይ ተጣብቋል። ስሙ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

እሰጥሃለሁ። ግን እንደ ስልክ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ አልወረውርልህም። አርባ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ፤ የገፋኸው ስም ምን እንደሆነ መጀመሪያ ትማራለህ።

ከዚያ በፊት ግን አንተ መልስልኝ። ምኗን ነው ያመማት? ከመቼ ጀምሮ? ደግሞስ ስሟን ራሷ ለምን አትነግርህም? እናቷ በድብቅ እንደነገረቻት አውቃለሁ፤ አሥር ዓመት ሲሞላት እኔው ፊት ነው የነገረቻት።

ግንባሯን ሳምልኝ።

ሸዋዬ

*

አሴላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ሸዋዬ፤

ፈጥነው ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ወቀሳዎ ይገባኛል። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ቁጣ ወንድነት ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ሳቃጥል በቀለች አጠገቤ ቆማ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ማሂ ጠይቀውኛል። ትኩሳት ነው። ሳጉሬ ጤና ጣቢያ ተረኛ ሆና ሳለች ጀመራት፤ ወደ አሴላ አመጣኋት። ሐኪሞቹ የበሽታውን ስም ነግረውኝ ነበር፤ አልያዝኩትም። ስሟን ራሷ ለምን አትነግርህም ላሉኝ፣ አሁን መናገር አልቻለችም። የንስሐ አባት የያዘችው በተማረችበት ከተማ ነው፤ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ብዙ ነገሯን አላውቅም ነበር፤ እትዬ ሸዋዬ። አንድ ልጅ ብቻዬን አሳደግሁ እያልኩ ስመጻደቅ ኖሬ፣ አንድ ጥያቄ ስጠየቅ ምንም አላውቅም።

ግንባሯን ስሜልዎታለሁ።

ቤቱ ሰው አያጣም፤ ዘመድ ይገባል ይወጣል። ከአጥር ማዶ ያለችው የሳምራ ልጅም፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በቀን ሦስት ጊዜ እየመጣች "ሞክሼ አልመጣችም?" ትለኛለች። እሷና ማሂ እርስ በርስ "ሞክሼ" ነው የሚባባሉት። ስማችሁ በምን ተገናኝቶ ነው ብዬ ማሂን ብጠይቃት ስቃ ወሬ ትቀይርብኝ ነበር። የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ልጅቷ ስትመጣ ብስኩት ሰጥቼ እሸኛታለሁ።

ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ። ታሪኩን መንገዱ ሲደርቅ መጥቼ ከእግርዎ ሥር ቁጭ ብዬ እማራለሁ። ከመስከረም ሰባት በፊት እንዲደርሰኝ እለምንዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
አሳምነው

*

ጎበሳ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአሳምነው፤

"አቶ"ውን ተውኩት፤ ልጅ ሆነህ ነው የጻፍክልኝ።

መስከረም ሰባት ለምን እንዳልክ አልገባኝም። ጠበል በማንኛውም ቀን ይጠመቁታል። እሺ፣ አልጠይቅህም። የጀመርኩትን ልጨርስ።

ስሙ የግሪክ ነው። ግሪኮች ክርስቶስ ከመወለዱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ይህ ቃል ነበራቸው። ከሁለት ቃል የተገጠመ ነው፤ አንዱ መልካም፣ ሌላው ወሬ ማለት ነው። መልካም የሚወራላት፣ በበጎ የምትነሳ ማለት ነው። በቤተ ጣዖታቸው መሥዋዕት ሊቀርብ ሲል አዋጅ ነጋሪው በዚሁ ቃል ይጮህ ነበር ይባላል፤ ክፉ ቃል ከአፋችሁ አይውጣ፣ ዝም በሉ ለማለት። ይህን ስታነብ ምን እንደተሰማህ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ሴቶች ልጆቻቸውን በቃሉ መጥራት ጀመሩ። የክርስትና ዘመን ሲመጣ በዚህ ስም የምትጠራ አንዲት ልጃገረድ ለጣዖት አልሰግድም ብላ ተገደለች። የሞተችው ወጣት ሳለች ነው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። የሞተች ልጅ ስም ነው ብሎ የሸሸው አልነበረም፤ እናቶች እየተሻሙ ለልጆቻቸው ሰጡት። ባሕር ተሻግሮ ግብፅ ገባ፤ ግብፆች ከራሳቸው ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ወሰዱት፤ የእኛ ሊቃውንት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ አመጡት። በየደረሰበት እንደየአገሩ አፍ ትንሽ ትንሽ ተለወጠ። ዛሬ አንዲት ግሪካዊትና አንዲት የአርሲ ልጅ ቢገናኙ አንድ ስም መያዛቸውን ቶሎ አያውቁትም።

እኛ አገር ብዙ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አልወጣም። ማስተማር በጀመርኩ ጊዜ መዝገቤ ላይ የነበሩት በቀለች፣ ሸዋዬ፣ አሚራ፣ ቢሊሱማ ናቸው። የክርስትና ስም ለቄስ ብቻ የሚነገር ነበር፤ ሰው በአደባባይ አይጠራበትም። ኋላ ወጣት ወላጆች ያን ስም አውጥተው መጠሪያ ማድረግ ጀመሩ። በ1997 ዓ.ም. አንዲት ልጅ በዚህ ስም ተመዝግባ ክፍሌ ገባች። ስም ስጠራ እሷ ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ጠራኋት፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ዓመት ሁለት ሆኑ። በ2003 ጡረታ ስወጣ በአንድ ክፍል አራት ነበሩኝ፤ በአባታቸው ስም እየለየሁ ነበር የምጠራቸው። አሁን ጆሮዬ ተደፍኗል እንጂ በገበያ ቀን እናቶች በዚህ ስም ሲጣሩ መንደሩ ይናጋል ይሉኛል። አሴላ ደግሞ ይብሳል።

ስሙን በዚህ ደብዳቤም አልጻፍኩልህም። ወረቀት አልቆብኝ አይደለም፤ ቀለምም አለኝ። ማሂ ራሷ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። እጇ ካልቻለ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ታሳርፍልኝ። የዚያኑ ቀን እልክልሃለሁ።

ሸዋዬ

*

አሴላ፣ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሸዋዬ፤

እንዲህ አያድርጉኝ።

ደብዳቤዎን ለአጥቢያችን ካህን ለቄስ ወልደአማኑኤል ወስጄ አነበብኩላቸው። "በግሪክ መልካም ወሬ ማለት ነው፤ ሰማዕት ነበረች፤ በግብፅ በኩል መጣ" አልኳቸው። "ልጄ፣ ስም በግምት አይቀደስበትም። ሰማዕታት አእላፍ ናቸው" አሉኝ። አፍሬ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የሌላውን ሰው ፋይል ዓይኔን ጨፍኜ አወጣለሁ፤ የራሴን ልጅ ስም ግን ለማኝ ሆንኩበት።

የጠየቁኝን የጣት አሻራ መላክ አልችልም። ለምን አልችልም ብለው አይጠይቁኝ። ይህን በወረቀት የሚጠይቁኝ ከሆነ ደብዳቤዎን ሳልከፍት እመልሳለሁ።

ቢፈልጉ ይርገሙኝ። ያኔ ያደረግሁትን በሰው ፊት ልናገር ካሉም በአደባባይ እናገራለሁ። ስሙን ግን ይስጡኝ። ከመስከረም ሰባት አይለፍብኝ። መንገዱ ጠፈፍ እንዳለ ከበቀለች ወንድም ከደመቀ ጋር ሆነን፣ ሰው ይዘን፣ እቤትዎ እንመጣለን። ያን ጊዜ ሁሉንም እንነጋገራለን።

ኪኒንዎን እንዳያቋርጡ።

አሳምነው

*

ጎበሳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሳምነው፤

ሰው ይዛችሁ አትምጡ።

ሽማግሌ ሰብስባችሁ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩታችሁ፣ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዛችሁ እንድትነግሩኝ ነው አይደል? ልቧ ደካማ ነው፣ በወረቀት አይነገራትም ብላችሁ መክራችኋል። ጉቱ ፊቱን ያዞረብኝ እናንተ አደራ ብላችሁት ነው። ለእኔ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ግን አንኳኩታችሁ አልሰማም፤ ደንቆሮ ነኝ።

ትናንት ግድግዳዬ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ከመስከረም ሰባት ወደ ኋላ ቆጠርኩ። አርባኛው ላይ ጣቴ ነሐሴ ሦስት ላይ ቆመ። ልጄ ነሐሴ ሦስት ቀን ሞታለች።

እውነቱን ልንገርህ፤ መቁጠር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። የመጀመሪያ ደብዳቤህን ያነበብኩ ጊዜ አውቄዋለሁ። ጠበል የሚሄድ ሰው ስሙን ራሱ ይናገራል። ሌላ ሰው የሚጠየቅለት ለፍትሐት ነው። አርባ ዓመት ልጆች ሲዋሹኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የአንተ ውሸት ደግሞ የሚያሳዝን ውሸት ነበር።

ታዲያ እያወቅሁ ለምን ስለ ግሪክ አወራሁህ? ስሙን ካልላክሁ አይጸለይም፤ ካልተጸለየ አልሞተችም ብዬ ነው። እብድ በለኝ። በየደብዳቤው ስለ ስሙ ስጽፍልህ ልጅቷ ያለች ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ገጽ ስጽፍ አንድ ቀን የጨመርኩላት ይመስለኝ ነበር። ጣቷን ላክልኝ ያልኩህም ምናልባት ትልክልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሌላም አለ። ይህን ስም አንድ ጊዜ ለፍትሐት ሰጥቼዋለሁ። በ1969 የራሴን ልጅ ትንሳኤን ኩፍኝ ሲወስድብኝ ቄሱ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። አራት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ለፍትሐት ከአፌ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አንተ ያኔ ሟርት ነው ያልከው እውነት ቢሆንስ? ሰሞኑን እሱን ብቻ ነው የማስበው። እኔ ገድያት ይሆን? መልስ አትስጠኝ።

ዛሬም ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ከመጀመሪያው ፊደል አላልፍም። ሁለት ቀን ስጠኝ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ በምን ስም ቀበራችኋት?

ሸዋዬ

*

አሴላ፣ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋዬ፤

እንኳን አደረሰዎ ልል ብዕር አነሳሁ፤ አልቻልኩም። እንዲህ በብጣሽ ወረቀት ስላረዳሁዎ ይቅር ይበሉኝ። እንዳይሰሙብን ብለን ነበር፤ አንድ ሳንነግርዎ ሁሉን ነገርንዎት።

ሦስት ቀን ብቻ ነው ያመማት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት "አባዬ፣ ሻይ ጠጣ" አለችኝ፤ ሄጄ ጠጥቼ ስመለስ አልቋል። ግንባሯን ስሜልዎታለሁ ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ ከመከፈኗ በፊት አንዱን ለእርስዎ ብዬ ስሜያታለሁ። ደብዳቤዎ ገና አልመጣም ነበር፤ ግን እርስዎን አስቤ ነበር።

በምን ስም ቀበርካት አሉኝ። ይህን ለደመቀ እንኳ አልነገርኩም።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ሬሳው ከወረደ በኋላ ቄስ ወልደአማኑኤል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "የክርስትና ስሟ ማነው?" አሉኝ። የመሥሪያ ቤቴ ሰው፣ የዕድሩ ሰው፣ ከሳጉሬ የመጡ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ያዋለደቻቸው ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ሁሉም ቆሞ ያየኛል። አላውቀውም ማለት አቃተኝ። የገዛ ልጁን ስም የማያውቅ አባት ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። አፌ "ወለተ ማርያም" አለ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ የብዙ ሴት ስም ስለሆነ ይሆናል። ቄሱ እሺ ብለው በዚያ ስም ፈቷት። ቀኑን ሙሉ በዚያ ስም ጸለዩ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ልጄን በሐሰት ስም ቀበርኳት፤ እትዬ ሸዋዬ። ያ ሁሉ ጸሎት ለማን እንደሄደ አላውቅም። በስሟ ተጠርታ እንድትሄድ ማድረግ አንድ የቀረኝ ነገር ነበር፤ እሱንም በይሉኝታ ሸጥኩት። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ለቄሱ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ "እስከ አርባው አግኝና አምጣልኝ" ብቻ አሉኝ። መስከረም ሰባት ያልኩዎ ለዚህ ነው።

እርስዎ አልገደሏትም። ሟርት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሟርትም ካለ ያሟረትኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ የሰፈር ልጆች አደይ ይዘው እየዘፈኑ መጡ። የሳምራ ልጅ ከፊት ነበረች። "ለሞክሼም አምጥቻለሁ" ብላ ሁለት እቅፍ ሰጠችኝ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት፤ ሌላውን ምን እንደማደርገው አላወቅሁም፤ እስካሁን በእጄ ነው።

አሳምነው

*

ጎበሳ፣ መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ አሳምነው፤

ስሟ አፎምያ ነው።

ጻፍኩት። ሁሉን ስታነብ እንዳትዘገይ ብዬ መጀመሪያ ላይ አደረግሁት፤ አሁኑኑ ተነስተህ ለቄስ ወልደአማኑኤል ውሰድላቸው። የቀረውን ተመልሰህ ታነበዋለህ።

ከተመለስክ እንግዲህ ይህን ስማ። ስሙን እኔ አልሰጠኋትም። ማሂ የተወለደችው መጋቢት ሃያ ሁለት ነው፤ ሰማንያ ቀኗ ሰኔ አሥራ ሁለት ዋለ፤ የሰኔ ሚካኤል። በዚያ ቀን ድርሳነ ሚካኤል ላይ የአፎምያ ታሪክ ይነበባል። ባሏ ሊሞት ሲል የመልአኩን ሥዕል አስሎ ለአደራ ሰጣት፤ ከሞተ በኋላ ሰይጣን መልኩን እየለወጠ መጥቶ ሌላ ባል አግቢ አላት፤ ሥዕሉን ይዛ እምቢ አለች። ቄሱ ልጅቷን ተቀብለው ከእኔ ምንም ሳይጠይቁ በዕለቱ ስም "አፎምያ" አሉ። የእኔም ትንሳኤ በ1965 በዚሁ ቀን ነው ክርስትና የተነሳችው፤ ስሙም የመጣላት እንዲሁ ነው።

"አባ፣ ይህ ስም ይቅርብኝ፤ የሞተች ልጄ ነው" ማለት እችል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሃያ አምስት ዓመት ያልሰማሁትን ስም በሰው አፍ ስሰማው ደስ አለኝ። ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ደስ ማለቴ። በቀለች እውነቱን ታውቅ ነበር፤ ልትነግርህ ስትል ነው እንዳልሰማው ያልካት።

ትንሳኤን ስወልድ አሴላ ነበርኩ፤ የምንኖረው ወፍጮ ከነበራቸው ግሪኮች ቤት አጠገብ ነው። ማዳም እንላት የነበረችው ሴትዮ የልጄን የክርስትና ስም ስነግራት እልል አለች፤ የእናቷ ስም ኖሯል። እነሱ ግን ሲያቆላምጡ ኤፊ እንደሚሉ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ልጄን ኤፊ እያለች ከረሜላ ትሰጣት ነበር። ስለ ስሙ የማውቀውን ግማሹን የሰማሁት ከእሷ ነው። ያቺ ሰማዕት የሞተችበት ከተማ ኬልቄዶን ነው፤ አባቶቻችን የማይቀበሉት ጉባኤ የተቀመጠው እሷው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጉባኤውን ጥለን ስሙን ያዝን። አየህ፣ አሁንም ማስተማሬን አልተውኩም። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

ሦስት ሳምንት አስጠበቅሁህ። ይቅር በለኝ። አንተ ጆሮህን ያዝክ፣ እኔ እጄን ያዝኩ፤ በመካከላችን ልጅቷ ያለ ስሟ ቀረች።

ጉቱ ነገ ጠዋት ይወጣል፤ ማታ እጅህ ይገባል። ሦስት ቀን ይተርፍሃል።

ሸዋዬ

*

አሴላ፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋዬ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ መስከረም አሥራ ሁለት ቀን ነው። ጉቱ አልዘገየም፤ ጎርፉ ድልድዩን ስለወሰደው ከዚያ ወዲህ የሚያልፍ መኪና አልነበረም። በመጨረሻ ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ በሌላ መኪና አምጥቶልኛል። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ውስጥ ይዞት ነበር። ሲሰጠኝ አለቀሰ።

አርባው አልፏል። መስከረም ሰባት ጠዋት ቄስ ወልደአማኑኤል በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አላገኘሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። "እንግዲህ በዚያው እንቀጥል" አሉ፤ ወለተ ማርያም ብለው ጨረሱ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። አሁን ስሙን ወስጄላቸዋለሁ፤ ሰማንያ አለ፣ ዓመትም አለ ብለውኛል። ጥቅምት አሥራ ሰባት በስሟ ይጸልዩላታል። ልቤ ግን አልተቀበለውም። ልጄን የሸኘኋት በሐሰት ስም ነው፤ መሸኘት አንድ ጊዜ ነው።

እርስዎን ልወቅስ ይህን አልጻፍኩም። የምነግርዎ ሌላ ነው።

ደብዳቤው በመጣ ቀን ቤቱ ባዶ ነበር። ለቅሶኛውም አልቋል። ቁጭ ብዬ የመጀመሪያዋን መስመር አነበብኩ። በዓይኔ ሳነበው አልበቃኝም፤ ልሰማው ፈለግሁ። በዚህ ቤት እንዳይጠራ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ የምጠራውም እኔ መሆን አለብኝ አልኩ። ተነስቼ ማሂ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው፤ ነጭ ጋዋኗ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ያልጠራሁትን ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራሁት።

"አፎምያ!"

"አቤት!" አለ አንድ ድምፅ።

ወዲያው የጓሮው በር ተከፈተና የሳምራ ልጅ፣ ያቺ ብስኩት የምሰጣት፣ እያለከለከች ገባች። እኔ በኤፊ ብቻ ነበር የማውቃት። ሰፈሩ በሙሉ ኤፊ ነው የሚላት። ሙሉ ስሟን ጠይቄ አላውቅም።

"አቤት፣ አባባ፤ ጠርተውኛል?"

ለካ ለዚህ ነው። ማሂ ይህን ሁሉ ዓመት አጥር ላይ ተደግፋ "ሞክሼ፣ ነይ" ስትላት፣ ልጅቷም "ሞክሼ" ስትላት፣ እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር። ልጄ ስሟን በእኔ ፊት መጥራት ስለተከለከለች የሌላ ሰው ልጅ ላይ ትጠራው ኖሯል። እነዚያ አርባ ቀናትም ስሙ በቀን ሦስት ጊዜ በራሴ በር ይገባ ነበር። "ሞክሼ ማለት ምን ማለትሽ ነው? ስምሽ ማነው?" ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቃት ይበቃ ነበር። ለእርስዎም ጽፌልዎት ነበር፤ ሁለታችንም አላየነውም። እኔ ግን ብስኩት እየሰጠሁ ሸኘኋት።

ልጅቷ ፊቴ ቆማ መልስ ትጠብቃለች። ጠርተውኛል ወይ ትለኛለች።

አልጠራሁሽም ልላት አልቻልኩም፤ ያን ስም ሁለተኛ አልክድም። "አዎ፣ ጠርቼሽ ነበር" አልኳት።

አሳምነው